ንዳድን የሚያውቅ ሽማግሌ አጎበሩን አይርሳ

በየዓመቱ የቲሽሪ በዓላት ሲቃረቡ ከቤር ሸቫ ወደ ኢትዮጵያ ዘመድ ጥየቃ የሚሄድ ሰው አይጠፋም። ሻንጣው ለዘመድ በሚሆን ልብስና ጫማ ይሞላል። አጎበር ግን የሚያስታውሰው የለም። እዚህ የተወለደው ወጣት ወባን በወሬ እንጂ አያውቃትም፤ ሽማግሌው ደግሞ «እዚያው ተወልደን አድገን፣ ምን ታደርገናለች?» ይላል። አደጋው እዚህ ላይ ነው።

በዕድሜ የገፉት ንዳድን አሳምረው ያውቁታል። በ1958 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን ገድሏል። በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል የመጡትም በስደተኛ ሰፈሩ በወባና በሌላ በሽታ ስንት ሰው እንደቀበሩ አይረሱም።

እውቀቱ አለ፤ የመቋቋም ኃይሉ ግን የለም። ወባ ባለበት ቆላ የኖረ ሰው ደጋግሞ ሲታመም ሰውነቱ በመጠኑ ይለምዳል። በሽታው በሌለበት አገር ሲኖር ግን ያ ልምድ እየጠፋ ይሄዳል። የደጋው ሰውማ ድሮም አልነበረውም። ስለዚህ ሠላሳ ዓመት ቤር ሸቫ የኖረ ሽማግሌ፣ ትንኟ ከነከሰችው፣ ከልጅ ልጁ ይሻላል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ወባ ደግሞ ዛሬም አለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው፣ ከ2024 መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር 20 ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው ታሟል፤ 1,157 ሰው ሞቷል። በሽታው የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ይህ የበዓሉ ጉዞ ወቅት ነው። ጎንደር ከተማ ደጋ ናት ብሎ የሄደ ሰው ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ወደ ደምቢያ ወይም ወደ መተማ ይወርዳል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከጉዞው ጥቂት ሳምንት ቀድሞ ኩፓት ሆሊም ሄዶ ሐኪም ማማከርና የመከላከያ ክኒን መጠየቅ ነው። ክኒኑ እንደየዓይነቱ ከተመለሱም በኋላ ስለሚዋጥ ማቋረጥ አይገባም። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ክኒኑን አይተኩም። መድኃኒት የተነከረ አጎበር ይዞ መሄድ፣ ሲመሽ ዘርግቶ ጫፉን ከፍራሽ ሥር መሸጎጥ ያስፈልጋል።

ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካለ፣ «ጉንፋን ነው» ብሎ ማደር አይገባም። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሄዶ ከሁሉ በፊት «ከኢትዮጵያ ነው የመጣሁት፣ ደሜ ለወባ ይመርመርልኝ» ማለት ነው። በእስራኤል ምድር ወባ መተላለፍ ካቆመች ብዙ ዓመት ስለሆነ፣ ካልተነገረው ሐኪሙ ላያስባት ይችላል። አንዱ የወባ ዓይነት በጉበት ተደብቆ ከወራት በኋላ ይነሣል፤ ሌላው በቶሎ ካልታከመ በቀናት ውስጥ ይገድላል።

ይህን ነገር ከማንም ወረቀት ይልቅ የሽማግሌ ቃል ያስተላልፈዋል። በጸሎት ቤት፣ በተዝካርና በሠርግ ላይ «ትሄዳለህ አሉ፤ አጎበር ይዘሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄ ነው።