ከአሊፍ ጀምር አትበሉት



ገርጂ መድረሳ ስንቀራ፣ ከሌላ ሠፈር አዲስ ልጅ ሲመጣ ኡስታዛችን ወደ ቃዒዳ አይመልሱትም ነበር። መጀመሪያ አስነብበው ያዳምጡታል፤ ከዚያ ከደረሰበት ያስቀጥሉታል።

ይህን ያስታወሰኝ አብሮ አደጌ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። እሱ አላለፈም። ኮሌጅ ገብቶ ሁለት ዓመት ስለ ውሃና ስለ አካባቢ ብክለት ተማረ። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን የተማረው ሳይታይለት ከአንደኛ ዓመት እንዲጀምር ተነገረው።

እኔ ኢንጂነሪንግ እየተማርኩ ቢ.ኦ.ዲ.ን የማውቀው በቀመር ነው። እሱ ከቡልቡላ ወንዝ ውሃ ቀድቶ፣ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ5 ቀን አቆይቶ፣ ባክቴሪያዎቹ ምን ያህል ኦክስጅን እንደተጠቀሙ ለክቷል። ታዲያ ከሁለታችን ጀማሪው ማን ነው?

ሒሳብና ፊዚክስ ሊጎድለው ይችላል፤ እነሱን ይማር። የኮሌጅ ወረቀት ሁሉ እኩል አይደለም የሚል ካለም እውነቱን ነው። መፍትሔው ግን ፈትኖ ማየት ነው፤ ያወቀውን መቁጠር፣ የጎደለውን ማስተማር። ደመወዙን ለምትጠብቅ እናት ሁለት ዓመት ቀላል አይደለም።

እኛም ብንሆን «ወድቆ ነው ኮሌጅ የገባው» ማለታችንን እንተው። ከዐስር ሰላት በኋላ ሒሳብ የምናስጠናው ጥቂት ልጆች አለን። ከኮሌጅ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ኑ። እናንተም ስለ ውሃው ታስተምሩናላችሁ።