ሳይታዘዙ ማዘዝ

«አዘዘ» ሁለት ቤት የሚያድር ግስ ነው። አለቃ ሠራተኛውን ያዛል፤ ሐኪም ደግሞ መድኃኒት ያዛል። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ለኅብረ ቃል ምሳሌ ስፈልግ ይህን ግስ አነሳው ነበር። ዛሬ የማነሳው ግን ለቅኔ አይደለም። ሳይታዘዙ ማዘዝ የሚፈልጉ ሰዎች ስለበዙ ነው፤ ያውም በሰው ነፍስ ላይ።

ነገሩ የአሜሪካ ነው። እዚያ አገር ነርስ ፕራክቲሽነር የሚባል ባለሙያ አለ፤ ዋሽንግተንና ሜሪላንድ ያለው ወገናችን ባጭሩ «ኤንፒ» ይለዋል። ነርስ ከሆነ በኋላ በማስተርስ ወይም በዶክትሬት ደረጃ ተምሮ በሽተኛ ይመረምራል፣ በሽታ ይለያል፣ መድኃኒት ይጽፋል። ቁጥራቸው ከ385,000 በላይ ነው። በዋሽንግተን ዲሲና ከግማሽ በላይ በሆኑት ስቴቶች ከሐኪም ቁጥጥር ውጭ ራሳቸውን ችለው ይሠራሉ። ሐኪም በጠፋበት ገጠርና በድሃ ሰፈር ሕዝቡን ደግፈው የያዙት እነሱ ናቸው። ስለዚህ በሙያው ላይ ቅንጣት ታህል ቅሬታ የለኝም። ጠቤ ከአቋራጩ ጋር ነው።

አንዲት ልጅ ነርስነት ተመርቃ ፈቃዷን ካገኘች በኋላ ኤንፒ ለመማር ከመግባቷ በፊት በሽተኛ አልጋ ዳር ስንት ጊዜ መቆም አለባት? አንዳንዱ ትምህርት ቤት «ምንም» ይላል። በሌላ ትምህርት ዲግሪ ያለውን ሰው ተቀብሎ፣ ነርስነቱንም ኤንፒነቱንም አከታትሎ ሰጥቶ የሚያስመርቅም አለ። እኔ ግን ሁለት ሙሉ ዓመት እላለሁ። ቀኑንም ሌሊቱንም የቀመሰች፣ ሁለት ሙሉ ዓመት።

ለምን? ሙያው ሲወለድ የተገባው ውል ይኸው ስለነበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሎሬታ ፎርድ የተባሉ ነርስና ሄንሪ ሲልቨር የተባሉ የሕፃናት ሐኪም በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ሥልጠና ሲከፍቱ፣ ሐሳባቸው በሥራ የታሸችውን ነርስ ይዞ ጥቂት መጨመር ነበር። ፎርድ ራሳቸው በኮሎራዶ ገጠር የኅብረተሰብ ጤና ነርስ ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። በ2025 በ104 ዓመታቸው አረፉ። ሥልጠናው አጭር የሆነው ሙያው ቀላል ስለሆነ አይደለም። ሰልጣኟ ግማሹን መንገድ በእግሯ ሄዳ ስለመጣች ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ለዓመታት ከኤንፒ ተማሪ የሚጠበቀው ዝቅተኛው የተግባር ልምምድ 500 ሰዓት ነበር። በ2022 የወጣው መመዘኛ ወደ 750 ከፍ አደረገው። ጎሽ! ግን 750 ሰዓት በሳምንት አርባ ሰዓት ቢካፈል አሥራ ዘጠኝ ሳምንት እንኳ አይሞላም። በሳምንት ሠላሳ ስድስት ሰዓት የምትሠራ ነርስ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ 3,600 ሰዓት ያህል በሽተኛ አጠገብ ትቆማለች። ይህን አውጥታችሁ ጣሉና 750ውን ብቻ ተዉት። የቀረው ምንድን ነው? እንጀራ የሌለው ወጥ! ሐኪሙ እንኳ ከአራት ዓመት የሕክምና ትምህርት በኋላ ቢያንስ ሦስት ዓመት በሬዚደንትነት ይታሻል።

የነርስነት ሙያ ራሱ ይህን ያውቃል። ማደንዘዣ ለመስጠት የምትማር ነርስ ቢያንስ አንድ ዓመት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ካልሠራች በሩን አታልፍም። ሰው ለማስተኛት ልምድ ግድ ከሆነ፣ የነቃውን ሰው ለማከም ምነው አላስፈለገ?

አልጋ ዳር የሚገኘው ትምህርት በመጽሐፍ የለም አልልም። አለ። ግን በመጽሐፍ ያነበብከውና በሌሊት ተራህ የደረሰብህ ነገር አንድ አይደሉም። ሽንት የሚያስወጣውን ላሲክስ «ማታ ሲተኙ ይውሰዱ» ብሎ መጻፍ ለክሊኒክ ወንበር ቀላል ነው። ሌሊት የሠራች ነርስ ግን የሰማንያ ዓመቱ አዛውንት በዘጠኝ ሰዓት በጨለማ ሽንት ቤት ሲፈልጉ የት እንደሚወድቁ ታውቃለች፤ ስለዚህ «ጠዋት» ብላ ትጽፋለች። ኢንሱሊን ከቁርስ በፊት ይታዘዛል። ቁርሱ ሲዘገይ ወይም በሽተኛው አቅለሽልሾት ትሪውን ሲገፋ ምን እንደሚከተል የምታውቀው ላቡን የጠረገችለት ናት። የደም ግፊቱ ከመውረዱ በፊት አተነፋፈሱ እንደሚፈጥን፣ ትናንት የልጆቿን ስም በየተራ ትጠራ የነበረች እናት ዛሬ ስታምታታ «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ እንደማይገባ፣ ይህን ሁሉ ዓይን ቀድሞ ይለምደዋል፤ ወረቀቱ ኋላ ይመጣል።

የእኛዎቹንም እናቶች አስቡ። ሜሪላንድ ልጆቻቸው ጋ የከረሙ እናት «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን»። ደረታቸውን እየወጋቸውም ደህና ናቸው፤ ሦስት ቀን ምግብ ሳይቀምሱም ደህና ናቸው። ብዙ አልጋ ያየች ነርስ ቃሉን ትታ ፊታቸውን ታነባለች። ያላየችው «ደህና ነኝ ብለዋል» ብላ ትጽፍና ወደሚቀጥለው ታልፋለች።

ሥርዓቱ ለእኛ ባዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል። እየተነቀፈ፣ እየተቃና፣ ደረጃ በደረጃ ስምንት ቤቱ መወድስ ጋ ይደርሳል። ጉባኤ ቃና ሳይቆጥር መወድስ ልዝረፍ የሚል ቢመጣ መምህሩ ይስቁበታል እንጂ የምዝገባ ክፍያ አይቀበሉትም።

«የነርስ ሥራና የኤንፒ ሥራ ይለያያል፤ አንዱ ሌላውን አያስተምርም» የሚሉ አሉ። መለያየቱ እውነት ነው። አለማስተማሩ ግን ሐሰት ነው። ፓትሪሺያ ቤነር በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ ነርስ ከጀማሪነት እስከ ሊቅነት የምትወጣቸውን አምስት ደረጃዎች ሲዘረዝሩ፣ ሦስተኛውን፣ ማለትም ሥራዋን በብቃት የምትችልበትን ደረጃ ያስቀመጡት ተመሳሳይ ሥራ ላይ ሁለት ሦስት ዓመት ከቆየች በኋላ ነው። የእኔም ሁለት ዓመት ከሰማይ የወረደ አይደለም።

ሌሎች ደግሞ ጥናት ይጠቅሳሉ። በ2005 የታተመ አንድ ጥናት የነርስነት ዓመት መብዛትና የኤንፒ ብቃት እንደማይገናኙ አሳይቷል። እሺ። ጥናቱ የዓመት ብዛት ነው የቆጠረው፤ እኔም አሥር ዓመት ከሁለት ይበልጣል አላልኩም። እንዲያውም አሥር ዓመት ጠብቂ የሚሏትን እቃወማለሁ። «አይጨምርም» እና «አያስፈልግም» ግን ሁለት ቃል ናቸው። ጨው ሲበዛ ወጥ አይጣፍጥም ማለት ያለ ጨው ይሠራ ማለት አይደለም።

«ዋርዱ እኮ ሰው ይጨርሳል!» የሚለው ሦስተኛው ነው፤ በእሱ አልከራከርም። ለአንዲት ነርስ በማይቻል ቁጥር በሽተኛ የሚያሸክሙ ሆስፒታሎች አሉ። ኮቪድ በ2020 ሲገባ ያየነውን አንረሳም። ግን ቤቱ ሲያፈስ ጣሪያ ይጠገናል እንጂ ሁሉም በመስኮት አይዘልም። ደግሞስ ዘላዩ ያንኑ በሽተኛ በሌላ በር ሊያክመው አይደል?

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ገበያው ነው። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ ለ2023 ባወጣው አኃዝ የነርስ መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 86,070 ዶላር፣ የኤንፒ ደግሞ 126,260 ነበር። አርባ ሺህ ዶላር ያስሮጣል፤ ማንንም አልወቅስበትም። የምወቅሰው ክፍያውን በኢንተርኔት ተቀብሎ «የተግባር አስተማሪሽን ራስሽ ፈልጊ» የሚለውን ትምህርት ቤት ነው። ተማሪዋ በየክሊኒኩ እየዞረች ትለምናለች፤ እሱ ሰዓት ሞላ ብሎ ማኅተሙን ይመታል።

ከእኛም ቤት የምወቅሰው አላጣም። በሲኤንኤነት አዛውንት እያጠበች ጀምራ፣ ኤልፒኤን ሆና፣ ሌሊት እየሠራች ቀን እየተማረች አርኤን የደረሰችውን ልጅ፣ ምርቃቷን በልተን እጃችንን ሳንታጠብ «ታዲያ ኤንፒው መቼ ነው?» የምንላት እኛ ነን። ነርስነት መሸጋገሪያ ድልድይ እንጂ ቤት አይመስለንም። በለቅሶ ቤት የእንትና ልጅ «ኤንፒ ናት» ሲባል አንገታችንን ቀና የምናደርግ ሰዎች፣ የራሳችን እናት ስትታመም ግን «ልምድ ያለው ሰው ጋ ውሰዱልኝ» እንላለን። ልምዱ ከየት ይምጣ? ማን አልጋ ላይ ይለመድ?

ስለዚህ እህቴ፣ ተማሪ፤ ማን ይከለክልሻል! ግን ሁለት ዓመት ስጪው። ነገ የምታክሚው አዋቂ ከሆነ አዋቂ ያለበት ዋርድ፣ ሕፃን ከሆነ የሕፃናት ክፍል ግቢ። ሲኤንኤ ሆነሽ የሠራሽበት ጊዜ እጅሽን አሠልጥኖታል፤ ውሳኔ የምትማሪው ግን ኃላፊነቱ በስምሽ ሲሆን ነው። የተሳሳተ ትእዛዝ ስታዪ ደውለሽ «ዶክተር፣ ይህ መጠን ልክ ነው ወይ?» ማለትን ተለማመጂ። ነገ አዛዧ አንቺ ስትሆኚ፣ እንዲህ ብላ የምትደውልልሽን ነርስ እንዳትቆጫት።