የጢም ብሩሽ በትክክለኛ ስሙ ይሸጥ



በብሩሽና በጢም ሳሙና የሚላጨው ሰው ቍጥር ከቀድሞው ቢያንስም ዕቃው ከገበያ አልጠፋም። የውጭ አገር ሻጮች በሚልኩት ዝርዝር ላይ በተለይ ሦስት ዐይነት ጎን ለጎን ቀርቦ ይታያል፤ ይኸውም የአሳማ ጠጕር፣ ባጀር የሚባለው ጕድጓድ ቈፋሪ አውሬ ጠጕር፣ እንዲሁም ከናይሎንና ከመሰሎቹ የተሠራ ክር ነው። የትኛው ይበልጣል ብሎ መከራከር የተላጩ ፈንታ ነው፤ የእኛ ፈንታ የትኛውን ለማን፣ በምንስ ስም እንሸጣለን የሚለው ነው።

የባጀር ጠጕር ውሃ በብዛት ይይዛል፤ ለፊት ይለሰልሳል፤ ዋጋውም ይከብዳል። የአሳማው ርካሽና ጠንከር ያለ ሲሆን አስቀድሞ ካልተነከረ አይለዝብም፤ በሥራ ብዛት ግን ጫፉ እየተሰነጠቀ ይለሰልሳል። ሁለቱም ሳይደርቁ ቢዘጋባቸው ይሻግታሉ። ሰው ሠራሹ ክር ውሃ ወደ ውስጡ ስለማያስገባ ፈጥኖ ይደርቃል፤ መንከርም አያሻውም። የጥንቶቹ ናይሎኖች ይቈረቍሩ ነበርና ደንበኛ ቢሸሻቸው አይፈረድበትም፤ የዛሬዎቹ ግን ጫፋቸው ቀጥኖ ስለሚሠራ ያ ወቀሳ አይደርስባቸውም። አንድ ብሩሽ በብዙ ሰው ፊት ላይ ለሚያልፍበት የጠጕር ቤት፣ ቶሎ ታጥቦ ቶሎ የሚደርቀውን ከማቅረብ የተሻለ ምክር የለኝም።

ስለ ስም ሲነሣ ግን ታሪክን መጥቀስ ይገባል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የባጀር ጠጕር ሲጠፋ የፈረስ ጠጕር ባጀር እንዲመስል ተደርጎ ተሸጠ፤ በሚገባም ሳይጸዳ ገበያ ገባ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1915 ጀምሮ እስከ 1924 ድረስ በእንግሊዝና በአሜሪካ ወታደሮችም ሌሎች ሰዎችም ከአዲስ ብሩሽ አባ ሰንጋ ያዛቸው፤ የሞቱም ነበሩ። የእንግሊዝ መንግሥት በ1920 የጃፓን የጢም ብሩሽ ወደ አገሩ እንዳይገባ ከለከለ። ከብት አርቢው ሕዝባችን አባ ሰንጋን ያውቀዋል፤ ምላጭ የጫረው ቆዳ ለእርሱ የተከፈተ በር መሆኑን ለማስረዳት ሐኪም አያስፈልግም። ዛሬ ጠጕሩ በፋብሪካ ስለሚጸዳ ፍርሃቱ እጅግ ቀንሷል፤ የሐሰት ስም ልማድ ግን ከጠጕሩ ጋር ታጥቦ የሚሄድ አይደለም።

በአገራችን ደግሞ ሌላ ጕዳይ አለ። ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ወገን አሳማ መንካት የማይወድ ደንበኛ ብዙ ነው። «የተፈጥሮ ጠጕር» ተብሎ ብቻ የተሸጠለት ሰው በፊቱ ላይ ያመላለሰው የአሳማ መሆኑን በኋላ ቢሰማ ወደዚያ ሱቅ አይመለስም፤ ለጎረቤቱም ይናገራል። በማሌዢያ ከአሳማ የተሠራ ዕቃ ይህንኑ የሚገልጽ ምልክት ሳይኖርበት እንዳይሸጥ በ2013 ተደንግጓል። እኛ ግን ድንጋጌ እስኪወጣ የምንጠብቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ባለሱቅ ክሩን ለመለየት ቢሻ አንድ ዘለላ ነቅሎ በክብሪት ያቃጥል። የእንስሳ ጠጕር ከሆነ እንደ ተቃጠለ ጠጕር ይሸታል፤ በጣትም ሲታሽ ይደቃል። ናይሎን ከሆነ ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። አሳማውን ከባጀር፣ ባጀሩን ከፈረስ መለየት ግን በእሳት አይቻልምና፣ አስመጪው ትእዛዝ ሲሰጥ የጠጕሩ ዐይነት በዋጋ ደረሰኙ ላይ በስሙ እንዲጻፍ ላኪውን ያስገድድ።