ቆጣቢው ሞተሩ ነው ወይስ ነጂው?

ስለ መኪና ወሬ በተነሣ ቁጥር ጓደኞቼ የሚያመሰግኑት ትልቁን ሞተር ነው። እኔ ግን ስለ አንድ ትንሽ ሞተር ጥቂት ልናገር። ፎርድ ኩባንያ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኢኮቡስት ሦስት ሲሊንደር ብቻ ያለው፣ መጠኑም 999 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሆነ ሞተር ነው። ሆኖም የኋላ በሯ ወደ ላይ በሚከፈተው በትንሿ ፊየስታ ላይ 125 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ዓይነት ነበረው።

ምሥጢሩ ቱርቦው ነው፤ ይኸውም በከንቱ ይወጣ የነበረው ጭስ መዘውር እያሽከረከረ ለሞተሩ አየር አምቆ ያስገባለታል። ስለዚህ መኪናይቱ ሞተሩ ገና በዝግታ ሲዞር ጀምሮ በብርታት ትጎትታለች፤ ማርሽ ቶሎ ቶሎ መቀነስ አያሻም።

ኩባንያው ለ100 ኪሎ ሜትር 4.3 ሊትር ቤንዚን ይበቃታል ብሎ ነበር። ይህ ግን በቤተ ሙከራ በእርጋታ ተነድታ የተገኘ ቁጥር ነው። ነጂው ነዳጅ መስጫውን አጥብቆ ከረገጠ፣ ቱርቦው አየሩን ባበዛ መጠን ቤንዚኑም መብዛቱ ግድ ነው።

እንግዲህ እንደ እኔ አስተያየት፣ ትንሽ ሞተር ቁጠባን ያስችላል እንጂ አያስገድድም። ፊየስታን መሥራት በ2023 እ.ኤ.አ. ቢቆምም ትምህርቷ አላለፈም። ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ነገ መሪ ስንጨብጥ ጉልበትን በልክ መጠቀም እንወቅ።