ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን

ስለ ዓሣ ሕመም ያለኝን አሳብ በዚህ መጽሔት ልገልጽላችሁ እወዳለሁ። «ሰው ታሞ ሳለ ለዓሣ ማን ያስባል?» የሚለኝ አይጠፋም። መልሴ እነሆ።

በቦሌና በገርጂ ገበታችን ላይ የሚቀርበው ቆሮሶ የሚመጣው ከዝዋይ፣ ከሐዋሳና ከጫሞ ሐይቆች ነው። በዚያ ብዙ ቤተ ሰብ በመረቡ ያድራል። እ.ኤ.አ. በ2014 ቆሮሶን የሚፈጅ አዲስ ቫይረስ በእስራኤል አገር መገኘቱ ተገለጸ፤ ከዚያም በግብፅና በቪክቶሪያ ሐይቅ ዓሦች ላይ ታየ። ይህ ከደጃችን ሩቅ አይደለም።

ቫይረስ በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም፤ ለታመመውም ዓሣ የሚያድነው መድኃኒት የለም። ያለው ብልኃት አስቀድሞ ማወቅና የታመመውን ከጤነኛው መለየት ነው። ለዚህ የሚረዳው ፀረ እንግዳ አካል የሚባለው ነው፤ ይኸውም ሰውነት ጠላት ሲገባበት የሚሠራው፣ ያንኑ ጠላት ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ኮለርና ሚልስታይን የተባሉ ሊቃውንት ይህን ፕሮቲን የሚሠራውን የአይጥ ሕዋስ ከካንሰር ሕዋስ ጋር አዋሕደው፣ አንድ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ያለማቋረጥ የሚመረትበትን መንገድ አገኙ። ቀለም የሚሰጥ ነገር ቢያያዝበት፣ በዓሣው ጉበት ውስጥ የተደበቀው ቫይረስ ይጋለጣል።

አያቶቻችን በ1880 ዓ.ም. ገደማ የገባውን የከብት ደስታ በሽታ ያወቁት በሬው ከወደቀ በኋላ ነበር፤ ክፉ ቀንም ተከተለ። ያው በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው፣ ክትባቱ ተዳርሶ የከብቱ ደም በዚሁ በፀረ እንግዳ አካል ጥበብ ከተመረመረ በኋላ ነው። ለበሬ የጠቀመ ጥበብ ለዓሣ ለምን አይጠቅምም?

መሠረቱም በእጃችን አለ። በቢሾፍቱ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የእንስሳት ክትባት ይሠራል። በሰበታ የዓሣ ምርምር ማዕከልና የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት በአንድ ከተማ ይገኛሉ። እነዚህ ተባብረው የዓሣ ቫይረስ መመርመሪያ በሀገር ውስጥ ቢያዘጋጁ፣ ጫጩት ዓሣ ወደ አዲስ ኩሬ ከመወሰዱ በፊት ይመረመር ነበር። ከውጭ መግዛት ይቀላል ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን በተገዛ ዕቃ ብቻ የሚኖር፣ ዕቃው ሲያልቅበት ዕውር ይሆናል።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ልጃችሁ «የእንስሳት ሐኪም እሆናለሁ» ሲላችሁ ፊታችሁን አታጥቁሩበት። እኔ በበኩሌ ይህንኑ ትምህርት መርጫለሁ። እናንተም ጓደኞቼ አስቡበት፤ ዓሣው በሐይቁ ዳር ከተንሳፈፈ በኋላ መሮጥ አይረባንም።