የእግር መንገዱ የእናንተም ነው



የዛሬው ጽሑፍ በተለይ እንግሊዝ አገር ልጆች ለምታሳድጉ ወላጆች፣ እንዲሁም እዚያው ሆናችሁ ከስኳር፣ ከደም ግፊት ወይም ከክብደት ጋር ለምትታገሉ ነው። ሌላ ቦታ ያላችሁም አንብቡት፤ እዚያ ላለ ዘመድ ትልኩለታላችሁ።

«በእግር ሂዱ» የሚለውን ምክር ከሐኪም ያልሰማ ሰው የለም። መልሱም የታወቀ ነው፦ ጊዜ የለም፣ ይበርዳል፣ ይዘንባል። እኔ ግን ከእነዚህ ጀርባ ብዙም የማይነገር ሌላ ምክንያት ያለ ይመስለኛል። ከከተማ ወጣ ሲባል ሜዳው ሁሉ አጥር አለው፤ በግ ተሰማርቶበታል፣ ስንዴ ተዘርቶበታል። «የሰው ማሳ ረግጠን ምን ልንባል ነው?» እንላለን። ያደግንበት ጨዋነት ነው፤ የሰው እህል አይረገጥም። በዚያ ላይ መልካችንና ቋንቋችን ከሌላው የሚለይበት ቦታ መሆኑ ያሳቅቃል። በዚህ ምክንያት ቅዳሜና እሁዳችን ቤት ውስጥ፣ ገበያ አዳራሽ ውስጥና መኪና ውስጥ ያልቃል።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ በእንግሊዝ ገጠር ያለው የሕዝብ የእግረኛ መንገድ የባለመሬቱ ችሮታ አይደለም፤ መብት ነው። መብቱም ለዜጋ ብቻ ተብሎ አልተከለለም። ትናንት የመጣም ሰው ይሄድበታል። ለጤናችን ከሚጠቅሙ ነገሮች መካከል እንደዚህ ነጻ ሆኖ እንደዚህ የተዘነጋ ያለ አይመስለኝም።

መብቱ ዝም ብሎ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1932 በደርቢሸር በሚገኘው ኪንደር ስካውት በተባለው ተራራ ላይ፣ አብዛኞቹ ወጣት ሠራተኞች የሆኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች «እኛም እንሂድበት» ብለው ወጡ። አምስቱ ታሰሩበት። በ1949 የወጣው ሕግ የየአካባቢው አስተዳደር የእግረኛ መንገዶችን መዝግቦ በካርታ እንዲያሰፍር አዘዘ። በ2000 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ በብዙ ተራራማና የጋራ ግጦሽ ቦታዎች ላይ ከመንገድ ወጥቶም መዘዋወርን ፈቀደ። የእግረኛ መንገድ ማሳውን አቋርጦ የሚያልፍ ከሆነ ገበሬው ካረሰ በኋላ መልሶ የማስተካከል፣ እህል ሲበቅልም ቢያንስ 1 ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ የመተው ግዴታ አለበት። ስለዚህ በስንዴው መሃል ቀጭን መንገድ ስታዩ የተተወው ለእናንተም ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በግሎስተርሸር፣ ከቼልተንሃም ብዙም ሳይርቅ ዊንችኮም የምትባል 5,000 ያህል ሰው የሚኖርባት ትንሽ የገበያ ከተማ አለች። ከመሃል ከተማዋ ተነስቶ በእግር የሚደረስበት ነገር ብዙ ነው፤ እኔም እንደ መድኃኒት መጠን ከትንሹ ጀምሬ ላስቀምጠው።

የመጀመሪያው በሱድሊ ቤተ መንግሥት መስክ ውስጥ የሚያልፈው ነው። የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የመጨረሻ ሚስት የነበረችው ካትሪን ፓር በ1548 የተቀበረችው እዚያ ነው። ቤተ መንግሥቱንና የአትክልት ቦታውን ለመጎብኘት ይከፈላል፤ በመስኩ ውስጥ በሚያልፈው የሕዝብ መንገድ መሄድ ግን አያስከፍልም። ትንንሽ ልጆች ላሏችሁና እንቅስቃሴ ገና ለምትጀምሩ ይህ ይበቃል።

ሁለተኛው ወደ ሄይልስ ገዳም ፍርስራሽ የሚወስደው ነው። ገዳሙ በ1246 የተመሠረተ ሲሆን መንገዱ ደርሶ መልስ ወደ 6 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ብዙ ዳገት የለውም። ከልጅ ጋር ሁለት ሰዓት ያህል መድቡለት። ይህ ከቺፒንግ ካምደን እስከ ባዝ 164 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው የኮትስዎልድ መንገድ አካል ነው።

ሦስተኛው ዳገት ነው። ቤላስ ናፕ ወደሚባለው፣ ከ5,000 ዓመት በፊት ወደተሠራው የመቃብር ጉብታ ይወጣል። አቅም ያለው ቀጥሎ ወደ ክሊቭ ኮረብታ ይሄዳል፤ የኮትስዎልድ ከፍተኛው ቦታ ሲሆን 330 ሜትር ነው። ለአዲስ አበባ ልጅ ይህ ከፍታ ላይባል ይችላል፤ ጉልበትና ልብ ግን ዳገቱን ያውቁታል።

ዊንችኮም ከራቀቻችሁ ለእናንተ የሚቀርብ ሌላ አለ። በእንግሊዝ ትንንሽ የገበያ ከተሞች ዙሪያ እንዲህ ያሉ መንገዶች ሞልተዋል። ቢጫ ቀስት የእግረኛ መንገድ ምልክት ነው፤ ሰማያዊ ቀስት ካያችሁ ፈረስና ብስክሌትም ያልፍበታል። ኦርድናንስ ሰርቬይ በሚያወጣው ባለ 1:25,000 ካርታ ላይ እነዚህ መንገዶች በአረንጓዴ የተቆራረጠ መስመር ይታያሉ።

«ሰፈራችን ያለው ፓርክ አይበቃም ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ለሳምንቱ አዘቦት ቀናት ይበቃል፤ አትተዉት። የገጠሩ መንገድ ግን ፓርኩ የማይሰጠው ነገር አለው። መሬቱ ወጣ ገባ ስለሆነ የእግር ጡንቻንና ሚዛን መጠበቅን ያለማምዳል፤ ይህ ዕድሜያቸው ለገፋ እናቶቻችንና አባቶቻችን ከመውደቅ ይከላከላል። ለልጅ ደግሞ መድረሻ ያለው ጉዞ ነው። «ሩጥ» ቢሉት የማይሮጥ ልጅ የፈረሰ ገዳም ለማየት ሳይታወቀው 6 ኪሎ ሜትር ይሄዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች ደግሞ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ይመክራል። መካከለኛ ማለት እየሄዳችሁ ማውራት ብትችሉም መዝፈን የሚያቅታችሁ ፍጥነት ነው። ልጆች ከቤት ውጭ የሚያሳልፉት ጊዜ ሲጨምር ሩቁን አጥርቶ አለማየት የሚጀምራቸው ቁጥር እንደሚቀንስም በጥናት ታይቷል።

እኛን በተለይ የሚመለከት ነገርም አለ። ናይስ የተባለው የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ጥቁር አፍሪካዊ ዝርያ ላላቸው አዋቂዎች የክብደት መለኪያውን (ቢኤምአይ) ዝቅ አድርጎታል። ለብዙው ሰው የክብደት መጨመር የሚባለው ከ25 ሲጀምር፣ ለእኛ ከ23 ነው፤ ከመጠን ያለፈ ውፍረት የሚባለውም ከ30 ሳይሆን ከ27.5 ጀምሮ ነው። ምክንያቱ የስኳር በሽታ በአነስተኛ ክብደት ሊይዘን መቻሉ ነው። «እኔ ወፍራም አይደለሁም» የሚለው መጽናኛ እዚህ ላይ ብዙ አያስተማምንም።

አገር ቤት ገጠር ያደገ ሰው ውሃ ሲቀዳ፣ ትምህርት ቤት ሲሄድ፣ ገበያ ሲወጣ በእግሩ ነበር። ስፖርት ብሎ የጠራው አልነበረም። እንግሊዝ ስንገባ ምግባችን ብዙም ሳይለወጥ መንገዱ ብቻ ጠፋ። ሰውነታችን ግን ያንን መንገድ አሁንም ይፈልገዋል።

ከመውጣታችሁ በፊት እነዚህን ያዙ፦

1. ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊክላዛይድ ያለ የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ፣ ስኳር ወይም ጣፋጭ መጠጥ ኪሳችሁ ይኑር። ስትመለሱ እግራችሁን ለቁስል ፈትሹ።

2. የደረት ሕመም ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ቁሙ፤ ካልተሻላችሁ ወዲያው 999 ደውሉ። አስም ያለበት ልጅ መንፊያውን ሳይዝ አይውጣ።

3. ረጅም ሱሪና ካልሲ ልበሱ። ቤት ስትገቡ የልጆችን ጉልበት ሥር፣ ብብትና የራስ ቆዳ ለመዥገር እዩ። ከተገኘ በጥሩ ወረንጦ ከቆዳው ጥግ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ንቀሉት። በቀጣዮቹ ሳምንታት እየሰፋ የሚሄድ ሽፍታ ከታየ ሐኪም ያየው፤ ላይም የተባለው በሽታ ሊሆን ይችላል።

4. ላምና ጥጃ ያሉበት መስክ ውስጥ በመካከላቸው አትለፉ፤ ዞር ብላችሁ ራቅ ብላችሁ እለፉ። በር እንዳገኛችሁት ተዉት፤ ተዘግቶ ከነበረ ዝጉት።

5. ፀሐይ ላይ ሄድኩ ብላችሁ ቫይታሚን ዲ አታቁሙ። በእንግሊዝ ከኦክቶበር እስከ ማርች መጀመሪያ ድረስ ፀሐይዋ አትበቃም። ጠቆር ያለ ቆዳ ላለን ደግሞ የአገሪቱ የጤና ምክር ዓመቱን ሙሉ በቀን 10 ማይክሮግራም መውሰድን እንድናስብበት ነው። ለሕፃናት መጠኑን ፋርማሲ ጠይቁ።

ጭቃው እውነት ነው፤ ውሃ የማያስገባ ጫማ ያስፈልጋል። አውቶቡሱም በእሁድ ሊያንስ ስለሚችል ሰዓቱን አስቀድሙ እዩ። መሳቀቁን ግን አንድ ጫማ አይፈታውም፤ የሚፈታው አብሮ መውጣት ነው። ሁለት ሦስት ቤተሰብ ሆናችሁ፣ ዳቦና ሻይ በፔርሙስ ይዛችሁ ውጡ። የሚያጋጥማችሁን ሰው «ሄሎ» በሉት፤ የመንገዱ ወግ ነው። ልጆቻችሁ ያንን ሲያዩ ከጤናው ሌላ የሚማሩት ነገር አለ፦ የተወለዱበት አገር ሜዳ የእነሱም መሆኑን።

በዚህ ወር አንድ ቅዳሜ ምረጡና ከትንሹ መንገድ ጀምሩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። የልብ ሕመም ያለባችሁ ወይም በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረጋችሁ አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ። የሄዳችሁበትን መንገድ በኮሜንት ጻፉልን፤ ለሌላው ቤተሰብ መነሻ ይሆናል።

ጤናችሁ ይብዛ!