ከመለዮው ሥር ማን አለ?

ቁመቱ ከአውራ ጣት አንጓ እምብዛም የማይበልጥ የወታደር ምስል በኪነ ጥበብ መጽሔት ገጽ ላይ ምን ሥራ አለው የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄውን ከሚያነሡት አንዳንዶቹ «የልጅ መጫወቻ ነው» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። እነዚህን ማስረዳት ይቻላል። የሚያስቸግሩት ራሳቸው ምስሎቹን የሚሠሩት ናቸው፤ ሥራቸው ሲመሰገን «ጥበብ ነው» ይላሉ፣ ሲነቀፍ ደግሞ «ጨዋታ ነው» ብለው ያመልጣሉ። የሰውን መልክ ቀርጾና ቀለም ቀብቶ ለሌላ ሰው ዓይን ያቀረበ ሁሉ ስለዚያ ሰው አንድ ነገር ተናግሯል። የተናገረውም እውነት ወይም ሐሰት ሊሆን ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚህ ይነሣል።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። በአውሮፓና በአሜሪካ፣ በሌላውም ዓለም፣ ጎልማሶች ከብረት፣ ከፕላስቲክ ወይም ከሬዚን የተሠሩ ትንንሽ ወታደሮችን ይገዛሉ። ምስሉ ብዙውን ጊዜ እጁ፣ ራሱና መሣሪያው ተለያይቶ ይመጣል። ገዢው ትርፉን በሞረድ አስተካክሎ፣ በማጣበቂያ አያይዞ፣ መደብ ቀለም ይቀባዋል። ከዚያ በኋላ ልብሱን፣ ቆዳውን፣ ጫማውን በቀጭን ብሩሽ ይለያያል፤ የቀጠነ ጥቁር ቀለም በልብሱ እጥፋት ውስጥ እንዲገባ ያደርጋል፤ ጉብ ጉብ ያለውን ደግሞ በደረቅ ብሩሽ ያፈካዋል። ወታደሮቹ ሲያልቁ በጠረጴዛ ላይ ይሰለፋሉ። እርምጃቸው በማስመሪያ ይለካል፤ መሞትና መኖራቸው በዳይ ጠጠር ይወሰናል።

ልምዱ አዲስ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የፕሩሺያው ባሮን ፎን ራይስቪትስ በ1812 ለቤተ መንግሥት ያሳየውን የጦርነት ጨዋታ ልጁ አሻሽሎ በ1824 ደንቡን አሳተመ፤ ጨዋታውም የመኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነ። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ በ1913 «ትንንሽ ጦርነቶች» የተባለውን መጽሐፍ አውጥቶ ጨዋታውን ወደ ቤት ወለል አወረደው። ዌልስ ትንሹን ጦርነት የተጫወተ ሰው የትልቁን ጦርነት ጅልነት ይረዳል ብሎ ያምን ነበር። መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ አውሮፓ በእሳት ተያያዘች።

ነገሩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። በ1930ዎቹ አጋማሽ ፋሽስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረችበት ሰሞን፣ ብሪቴንስ የተባለው የእንግሊዝ የአሻንጉሊት ፋብሪካ የኢትዮጵያን ክብር ዘበኛና ተዋጊዎች በእርሳስ ቀርጾ በሳጥን ሸጠ፤ የኢጣሊያንም እግረኛ እንዲሁ። የለንደን ልጅ ወራሪውን በአንዱ ሳጥን፣ ተወራሪውን በሌላው ገዝቶ ምንጣፍ ላይ ማሰለፍ ይችል ነበር። የመርዝ ጋዙ ግን ከሳጥኑ ውጭ ቀረ። እንዲህ ያለ ሥራ ሲመረመር በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ብቻ ሳይሆን የቀረውንም መጠየቅ ይገባል።

ዛሬ በሠሪዎቹ ዘንድ ከሚወደዱት ምስሎች አንዱ የጠላቱን መለዮ የለበሰ ሰርጎ ገብ ነው። ዋናው ምንጩም የ1944 የአርደን ውጊያ ነው። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር ሂትለር ለኦቶ ስኮርዜኒ ትእዛዝ ሰጠ፤ ይኸውም የአሜሪካንን መለዮ የለበሱና የአሜሪካንን ተሽከርካሪ የሚነዱ ጀርመናውያን በመዝ ወንዝ ላይ ያሉትን ድልድዮች ሳይፈርሱ እንዲይዙ ነበር። ዘመቻው «ግራይፍ» ተባለ፤ ጦሩም 150ኛ የፓንዘር ብርጌድ። ታሪኩ ሲወራ የጀብዱ ድርሳን ሆነ እንጂ ዝግጅቱ ከአንድ ድሃ ቲያትር ቤት የአልባሳት ክፍል አይሻልም ነበር። እንግሊዝኛን ከነመንደር ቋንቋው አቀላጥፈው የሚናገሩ ሰዎች ሲፈለጉ የተገኙት አሥር ያህል ብቻ ናቸው፤ አብዛኞቹም መርከበኞች። ከተላኩት ጃኬቶች የጦር ምርኮኛ ምልክት የተቀባባቸው ነበሩ። ከአሜሪካ ሸርማን ታንክ የተገኘው ሁለት ብቻ ነው። ስለሆነም አምስት የጀርመን ፓንተር ታንኮች ላሜራ ተለብጦባቸው፣ አረንጓዴ ተቀብተውና ነጭ ኮከብ ተስሎባቸው፣ የአሜሪካውን ኤም 10 እንዲመስሉ ተደረገ። ስኮርዜኒ ራሱ ይህ ማስመሰያ ሊያታልል የሚችለው በሌሊት፣ ያውም ከሩቅ የሚያይ ለጋ ወታደርን ብቻ መሆኑን አልሸሸገም።

አስመሳዮቹ እርስ በርሳቸው እንዳይተላለቁ መተዋወቂያ ያስፈልጋቸው ነበር። የብረት ቆብ ማውለቅ፣ ሮዝ ወይም ሰማያዊ የአንገት ጨርቅ፣ በተሽከርካሪው ጀርባ ላይ ትንሽ ቢጫ ሦስት ማዕዘን፣ የታንኩ አፈሙዝ ወደ ግራ መዞር፣ ሌሊት ደግሞ ቀይ ወይም ሰማያዊ የባትሪ ብርሃን ምልክት ሆነው ተወሰኑ። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ወታደር በ28 ሚሊ ሜትር ሲቀረጽ ምን መምሰል አለበት? በሠሪዎቹ መካከል የበላይነት ያለው አስተያየት «ፍጹም አሜሪካዊ» የሚለው ነው። ክርክራቸው ቀላል የሚባል አይደለም። ሰውየው ከታወቀ ተደምስሷል፤ በአንገቱ ሥር የጀርመን ኮሌታ የሚታይበት ሰርጎ ገብ አንድ ኬላ እንኳ አያልፍም፤ ስለዚህ የጃኬቱ ቀለም፣ የትጥቁ ማንጠልጠያ፣ የጫማው ማሰሪያ ሁሉ ያለ አንዳች እንከን የአሜሪካ መሆን አለበት ይላሉ። እንዲህ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ማንኛውንም የአሜሪካ ወታደር ከሳጥኑ አውጥቶ «ይህ ጀርመናዊ ነው» ማለት ይበቃ ነበር። የሥራው ይዘት በቅርጹ ላይ ሳይሆን በሳጥኑ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ብቻ ከተገኘ፣ ቀራጭም ሠዓሊም አላስፈለገም።

ስሕተቱ የሚመነጨው ተመልካቹ ማን እንደሆነ ካለመለየት ነው። በመድረክ ላይ አንድ ገጸ ባሕርይ ሌላ ሰው መስሎ ሲገባ የሚታለሉት አብረውት የሚጫወቱት ናቸው። በወንበሩ የተቀመጠው ሕዝብ ያውቀዋል፤ ስለሚያውቀውም ይሠጋለታል፣ ወይም ይጸየፈዋል። ሕዝቡም አብሮ ከታለለ ተውኔት የሚባል ነገር የለም። የአርደን ኬላ ጠባቂ ይህን ትንሽ ምስል አያየውም፤ የምናየው እኛ ነን። ሠዓሊው ለጠባቂው የሚቀባ ይመስል የእኛን ዓይን ሲጋርድ ሥራውን ረስቷል። ብልሃቱም ሩቅ አይደለም። ለሰርጎ ገቦቹ በተሰጠው የሕግ ምክር መሠረት ከአሜሪካው ልብስ ሥር የራሳቸውን መለዮ ሊለብሱ፣ ተኩስ ከመክፈታቸውም በፊት የላዩን ሊያወልቁ ይገባ ነበር። በብሩሽ ጫፍ በአንገቱ ዙሪያ የምትጣል አንዲት ግራጫማ አረንጓዴ መስመር ሁለቱን ልብስ፣ ሁለቱን ስምና የሰውየውን ፍርሃት ትናገራለች። ይህን «ከታሪክ ጋር አይስማማም» ለሚሉኝ፣ ታሪኩ ራሱ ሮዝ የአንገት ጨርቅ አስሮላቸው ነበር እላለሁ። አስመሳዮቹ እንኳ ለሚያውቃቸው ዓይን ምልክት መተው ግድ ሆኖባቸዋል።

ከቀለሙ የሚብሰው የአቋቋሙ ጉዳይ ነው። ሰርጎ ገቡ በአሜሪካ ጃኬት እንደተሸፈነ ጠመንጃውን ሲተኩስ አድርጎ መቅረጽ ለዓይን ይማርካል፤ እንቅስቃሴ አለውና። ሆኖም ያ አቋቋም ፍርድ ነው። የ1907 የሄግ ደንብ የጠላትን መለዮ «ያለ አግባብ» መጠቀምን ከልክሏል። ስኮርዜኒና ዘጠኝ ባልደረቦቹ በ1947 በዳኻው ሲከሰሱ ዋናው ክርክር በዚህ ቃል ላይ ነበር፤ መለዮውን ለብሶ ማለፍ አንድ ነገር ነው፣ ለብሶ መዋጋት ግን ሌላ። በናዚ እጅ ብዙ ሥቃይ ያየው የእንግሊዝ የስውር ጦር መኮንን ዮ ቶማስ፣ የእርሱም ሰዎች የጀርመንን መለዮ ለብሰው እንደነበር ለተከሳሾቹ መሰከረ። አሥሩም በነጻ ተለቀቁ። በ1977 የወጣው ተጨማሪ ፕሮቶኮል ነገሩን ጠበቅ አድርጎ በጥቃት ጊዜ የጠላትን መለዮ መልበስን በግልጽ ከልክሏል። እንግዲህ የሚተኩሰውን ምስል የቀረጸ ሰው ዳኻው በነጻ ያሰናበተውን ወንጀል ተፈጽሟል ብሎ መስክሯል፤ ካርታ ይዞ በጂፕ የተቀመጠውን የቀረጸው ደግሞ ሌላ ምስክርነት ሰጥቷል። ምስክርነቱን ይምረጥ፤ «ጨዋታ ነው» ብሎ ግን አይሸሽ።

አለቃው በነጻ ሲለቀቅ ምንዝሮቹ ምን ሆኑ? ታኅሣሥ 17 ቀን 1944 በአንድ ጂፕ የተሳፈሩ ሦስት ሰዎች ኤዋይ በምትባል የቤልጂግ ከተማ ኬላ ላይ የይለፍ ቃሉን መመለስ አቅቷቸው ተያዙ። በስድስተኛው ቀን አንሪ ሻፔል ላይ ከእንጨት ምሰሶ ጋር ታስረው፣ ዓይናቸው ተሸፍኖ፣ በጥይት ተደበደቡ። ፎቶግራፋቸው አለ፤ ምስል ሠሪዎቹም የጃኬቱን ቀለም ለማጥናት እንደዚህ ያሉ ፎቶግራፎችን በአጉሊ መነጽር ያገላብጣሉ። ምሰሶውን የቀረጸ ግን እስካሁን አላየሁም። አካሉን ከነማሰሪያው ቀርጸው ይሽጡ ማለቴ አይደለም፤ ያ ሌላ ዓይነት ነውር ነው። የምለው የጨዋታው ደንብ ምሰሶውን ይወቀው ነው። በጠረጴዛው ላይ ራስን መለወጥ ብዙውን ጊዜ ጥቅም ብቻ ሆኖ ይቀርባል፤ ቡድኑ ሳይተኮስበት ይጠጋል፣ ከዚያ ይገለጣል፣ ይመታል። በእውነተኛው አርደን የተማረከ ሰርጎ ገብ እንደ ሌላው ምርኮኛ አልታየም። ይህን ዋጋ ያላካተተ ደንብ የዳይ ጠጠሩ የቱንም ያህል በረቀቀ ስሌት ቢወረወር ታሪክን አላስተማረም። ጨዋታውን ለታሪክ ትምህርት ሊጠቀሙበት ለሚያስቡ መምህራን የምሰጠው ምክር ይህ ነው፤ ተማሪው ቡድኑን ከማንቀሳቀሱ በፊት፣ ሲያዝ ምን እንደሚደርስበት ተነግሮት እሺ ብሎ ይፈርም።

ደግሞስ ግራይፍ ምን አተረፈ? ከድልድዮቹ አንዱንም አልያዘም። ብርጌዱ ታኅሣሥ 21 ቀን ማልሜዲን በግልጽ ውጊያ አጥቅቶ ተመለሰ። ያተረፈው ጥርጣሬን ነው። ከተያዙት አንዱ የጠቅላይ አዛዡን የአይዘንሃወርን ሕይወት የማጥፋት ዕቅድ አለ ብሎ በመናገሩ አዛዡ ቬርሳይ ውስጥ በጥበቃ ተከበው ተቀመጡ። በየመንገዱ ኬላ ተዘርግቶ አሜሪካዊ አሜሪካዊውን ይመረምር ጀመር። ጄኔራል ብራድሌይን አንድ ጠባቂ አስቁሞ የኢሊኖይ ግዛት ዋና ከተማ ማን እንደሆነች ጠየቃቸው። «ስፕሪንግፊልድ» ብለው በትክክል መለሱ፤ ጠባቂው ግን ቺካጎ ናት ብሎ ያምን ነበር።

በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ የጎደለው ምስል ይህ ጠባቂ ነው። የሚታለለው ሰው የሌለበት የማስመሰል ተውኔት የለም፤ ሠሪዎቹ ግን በጂፑ ውስጥ ያሉትን ብቻ እየደጋገሙ ይቀባሉ። እስቲ አንዱ ጎበዝ ጠባቂውን ይቅረጸው፤ በታኅሣሥ ብርድ የቆመ፣ በራሱ ጄኔራል ላይ ጠመንጃ ያነጣጠረ፣ የተሳሳተውን መልስ በልቡ ይዞ ትክክለኛውን የሚጠራጠር ወታደር። አንገቱ ላይ የሚጣል ግራጫ መስመር የለውም። ልብሱም ሰርጎ ገቡ ከተቀባበት ከዚያው ጠርሙስ በተቀዳው አረንጓዴ ይቀባል።